የሼህ ባበክር ወንበር

ሼህ ባበክር ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ከአሶሳ የደወለችልኝ ልጃቸው ሐዋ ናት። ጠዋት አርፈው ከሰዓት በኋላ ተቀብረዋል። በእነሱ ደንብ ሬሳ አይቆይም፤ እንኳን አዲስ አበባ ያለሁት እኔ፣ ባምባሲ ያሉ ዘመዶቻቸውም ግማሾቹ አልደረሱም። ምን አሟቸው እንደነበር ጠየቅኋት። ወባ ነው የጀመራቸው፣ ከዚያ እርጅናው ተጨመረበት አለችኝ። ዕድሜያቸውን ጠየቅኋት። ሳቅ አለች። «አንቺ አሁንም ለዜና ነው የምትጠይቂው?» ዕድሜያቸውን ቤተሰቡም በእርግጠኝነት አያውቅም።

ከዚያ አንድ ነገር ነገረችኝ። ገላቸውን ያጠቡት ሽማግሌዎች ዳሌያቸው ውስጥ ብረት እንዳለ ሰምተው ስለነበር ጠባሳውን ፈለጉት። ያገኙት በጭንቅ ነው፤ ከመሃል ጣት ብዙ የማይረዝም፣ የደበዘዘ መስመር ነበር። አንደኛው «ይውጣ ወይስ አብሯቸው ይቀበር?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው «በዚህች ቀዳዳ የገባውን አሁን በምን ታወጣዋለህ? ተወው፣ የሳቸው ነው» አለው። ብረቱም አብሯቸው ተቀበረ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ሥራዬ ለመመለስ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። በዚህ ሙያ ብዙ የሞት ዜና ጽፌአለሁ። ስም፣ ዕድሜ፣ የሥራ ኃላፊነት፣ የቀብር ቦታ። በዚያ መልክ ከተጻፈ የሳቸው ሁለት መስመር አይሞላም። ሹመት አልነበራቸውም፣ ሽልማትም አልተቀበሉም። እኔ ግን በዘገብኩባቸው ዓመታት ካገኘኋቸው ሹመኞች አብዛኞቹን ረስቼ እሳቸውን አልረሳሁም።

አሶሳ የተመደብኩት ክልሉ ገና አዲስ በነበረ ጊዜ ነው። በየሳምንቱ ቢሮ ይከፈታል፤ ማኅተም ሳይቀረጽ ሠራተኛ ይቀጠራል። ሁሉም ቢሮ አስቀድሞ የሚጠይቀው ወንበር ነበር። ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ተጭኖ አቧራ ለብሶ ይደርሳል፤ አንዳንዱ ላስቲኩ ሳይነሳለት ይቀመጡበታል። ሼህ ባበክር የእኛ የዜና ቢሮ አስተርጓሚ ነበሩ። የበርታ ቋንቋ አፍ የፈቱበት ነው፤ ዐረብኛን ከንግድ፣ ኦሮምኛን ከባምባሲ ገበያ፣ አማርኛን ከሰፋሪዎች ጋር በመኖር ነው የተማሩት። አማርኛቸው ወንድና ሴት ስለማይለይ እኔን «አንተ» ይሉኝ ነበር። ስሜንም አልያዙትም፤ «ጋዜጣ» ብለው ጠሩኝ። «ጋዜጣ፣ አንተ ዛሬ ቁርስ በላህ?» ይሉኛል ገና ከበሩ። መጀመሪያ ላይ ላርማቸው እሞክር ነበር፤ በኋላ ተውኩት።

ደመወዛቸው የአስተርጓሚ ይሁን እንጂ ከተማው የሚያውቃቸው በአስታራቂነታቸው ነው። አሠራራቸው ቀላል ነበር። ጠበኞቹ ከመድረሳቸው በፊት ሄደው ሰሌናቸውን ዛፍ ሥር ዘርግተው ቁጭ ይላሉ። ሽማግሌ መሬት ላይ ተቀምጦ እያየ የሚቆም ሰው የለም፤ የመጣው ሁሉ ይቀመጣል። ተቆጥቶ የመጣ ሰው እግሩን ሲያጥፍ ቁጣውም አብሮ ይታጠፋል ይሉ ነበር። በሰሌኑ ላይ ማንም ከማንም አይበልጥም፤ አስታራቂውም ጭምር። ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ወዲያው አይመልሱለትም። ፊት ለፊታቸው ያለውን አፈር በመዳፋቸው ቀስ አድርገው ያስተካክላሉ። ያ ሁሉ ሰው እጃቸውን እያየ ይጠብቃል። ከዚያ ነው የሚናገሩት።

አንድ ጊዜ አንድ የወረዳ ባለሥልጣን ወንበር አስይዞ መጣና ከሰሌኑ ዳር ተቀመጠ። ሼህ ባበክር ቀና ብለው አዩት።

«ጌታው፣ ከዚያ ሆነህ የምታየው አናታችንን ነው» አሉት። «ፊታችን እዚህ ታች ነው ያለው።»

ሰውየው ጥቂት አንገራግሮ ወረደ። ስንመለስ መኪና ውስጥ «ወንበር መጥፎ አይደለም» አሉኝ። «ግን ወጥቶ የወረደ ሰው ጥቂት ነው። መሬት ላይ የተቀመጠ መውደቂያ የለውም።»

ዳሌያቸው የቆየ ችግር ነበረበት። በወጣትነታቸው ከሱዳን ድንበር ከኩርሙክ ሸቀጥ በጫነ መኪና ላይ ተሳፍረው ሲመጡ መኪናው ተገልብጦ ወድቀዋል። ወጌሻ አሽቶ አቆማቸው፤ ለብዙ ዓመታት ሄዱበት። እኔ ሳውቃቸው ያነክሱ ነበር። ከዚያ ምርኩዝ ያዙ። ከዚያ መቀመጥ ራሱ ሥራ ሆነባቸው፤ ምርኩዙን ተደግፈው፣ ግራ እግራቸውን ወደፊት ዘርግተው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ነው የሚወርዱት። እኛ ሌላ ቦታ የምናይ መስለን እንጠብቃለን። በራጅ ሲታዩ የጭናቸው አጥንት ራስ ደም አጥቶ እንደሞተና እየተፈረፈረ እንደሆነ ተነገራቸው። አሶሳ ውስጥ ለዚህ የሚሰጠው ማስታገሻ ብቻ ነበር።

የይማምና የአልዓጂብ ጉዳይ የመጣው በዚያ መሃል ነው። ይማም በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥቶ ከአሶሳ ብዙ በማይርቅ የሰፈራ መንደር የተቀመጠ ገበሬ ነው። አልዓጂብ የበርታ ሰው ነው፤ ሰፈራው ሳይመጣ መሬቱ የአባቱ ነበር። አባቱ የተከላቸው የማንጎ ዛፎች አሁን የቆሙት በይማም አጥር ውስጥ ነው። አልዓጂብ ዛፉን የተከለው አባቴ ነው ይላል። ይማም ደግሞ ከዝንጀሮ ጠብቄ፣ ከሰደድ እሳት አድኜ ያቆየሁት እኔ ነኝ ይላል። ሁለቱም የሚሉት እውነት ነው። በአንድ መስጊድ ይሰግዳሉ፤ በስም ግን አይጠራሩም። አንዱ ሌላውን «ሰፋሪው» ይለዋል፤ ያኛው መልሶ «ባለአገሩ» ይለዋል። ክልሉ ከተቋቋመ ወዲህ ሁለቱም ቃላት ከብደው ነበር።

ሼህ ባበክር ዛፎቹ ሥር ሰሌናቸውን ዘረጉ። አልዓጂብ ተናገረ። ይማም ቀጠለ፤ ነገሩን የጀመረው ከወሎ ከተነሳበት ቀን ነው። በጭነት መኪና እንደመጡ፣ ዝናብ እንደመታቸው፣ የመጀመሪያው ዓመት እንዴት እንደነበረ ያወራል። ሼህ ባበክር መቁነጥነጥ ጀመሩ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጥቷል። ይማም «ያን ጊዜ ልጄ…» ብሎ ሲጀምር «በቃ» አሉት። «ፍሬው እኩል ይሁን። ጨርሰናል።»

«ወላሂ የኔ ጌታ፣ እኔ መች ጨረስኩና?» አለ ይማም።

«ጨርሰሃል።»

አፈሩን አላስተካከሉም። ሁለት ሰው ደግፎ አነሳቸው። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ «ጋዜጣ» አሉኝ፤ «ዛሬ የፈረደው ዳሌዬ ነው። እኔ አይደለሁም።» ያ እርቅ አንድ የማንጎ ወቅት አልቆየም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለአንድ የጤና ዘገባ ሰዎች ሳነጋግር፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሆስፒታል የዳሌ መገጣጠሚያ የሚቀይር የሐኪሞች ቡድን እንደመጣና ታካሚዎችን በነፃ እንደሚቀበል ሰማሁ። ዘዴው አዲስ ነው ተባልኩ። እንደ ድሮው በረጅሙ አይቀዱም፤ በትንሽ ቅድ ገብተው፣ ጡንቻውን ከመቁረጥ ይልቅ ገለል እያደረጉ አልፈው፣ የሞተውን አጥንት አውጥተው ብረትና ፕላስቲክ ይተካሉ። ለሐዋ ነገርኳት። ራጁ ተላከ፤ ይምጡ ተባለ። በአውቶቡስ ይዘናቸው ሄድን። በመንዲ፣ በነጆ፣ በጊምቢ፣ መንገዱን ሁሉ ግራ እግራቸውን በመተላለፊያው ዘርግተው፣ ተሳፋሪው እየተሻገራቸው ነው የሄዱት።

ሐኪሙ ወጣትና ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። የሰው ሠራሹን መገጣጠሚያ ናሙና አስያዛቸው። ሼህ ባበክር ኳሱን በጎድጓዳው ውስጥ ደጋግመው አዞሩት።

«ቅዱ ይህን ያክላል» አላቸው በጣቶቹ እየለካ። «በማግስቱ ይቆማሉ። ይህ ሕመም ይተውዎታል።»

«ጥሩ። መሬት ላይ እቀመጣለሁ?»

«ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።»

«እኔ ወንበር አልጠየቅሁም።»

ሐኪሙ ወደ እኔ አየ፤ አማርኛው አልገባቸውም ብሎ ይመስለኛል። በደንብ ገብቷቸዋል።

«አባት» አለ ሐኪሙ፣ «የቅዱ ማነስ ቁስሉን ነው የሚያቀልልዎት። ውስጥ የሚገባው ዕቃ ያው ነው። ቁጢጥ ቢሉ፣ እግርዎን አጣጥፈው መሬት ላይ ቢቀመጡ፣ ኳሱ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በሁሉም ሰው ላይ አይደርስም። እኔ ግን የእርስዎን አጥንት አይቼ ይቀመጡ ልልዎት አልችልም።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ መጨረሻው።»

ናሙናውን መለሱለት። «ቀዳዳው ትንሽ ነው፤ ክልክሉ ግን ትልቅ ነው» አሉ።

ውጭ በረንዳው ላይ ሐዋ አግዳሚው ላይ ተዘረጋች። ከመንገዱ ሌላ የዓመታት ድካም ነበረባት። እኔም እንድሰማ በአማርኛ ነው ያናገረቻቸው። «ባባ፣ ሌሊት ስታቃስት የምንሰማው እኛ ነን። መሬት ላይ መቀመጥህ ለእኔ ምኔ ነው?»

«መሬት ላይ ካልሆንኩ ሰዎቹን የት አገኛቸዋለሁ?» አሉ። የሆስፒታሉ ሠራተኞች አልጋ እየገፉ ሲያልፉ ያያሉ። «የሚያመው ሰውም አያስታርቅም» አሉ በመጨረሻ። «አይተሃል አይደል፣ ጋዜጣ? ይማምን አቋረጥኩት።»

«አይቻለሁ» አልኳቸው።

«እንግዲያው በሁለቱም በኩል ጎደለ። ሕመሙ ይሂድ።»

ቀዶ ሕክምናው እንደተባለው ሆነ። በማግስቱ የብረት መደገፊያ ይዘው ቆሙ፤ እየቆየ ምርኩዙንም ተዉት። አሶሳ ሲመለሱ ሐዋ አናጢ ጠርታ ለመጸዳጃ ቤት የሚሆን መሃሉ ክፍት የሆነ ወንበር አሠራችላቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያየው መጣ። «ሼህ ባበክር ቢሮ ከፈቱ» ብለው ቀለዱባቸው። እሳቸውም «ማኅተም ብቻ ነው የቀረኝ» አሉ። ሶላትም ወንበር ላይ ሆነው መስገድ ጀመሩ። ከብዷቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«አላህ ወንበሩን ተቀብሎልኛል» አሉኝ። «የሚያስቸግረኝ የሰው ነገር ነው።»

ማንጎው ሲደርስ ጠቡ ተመለሰና ተጠሩ። የቢሮአችን ኃላፊ በመዳናቸው ደስ ብሎት ከራሱ ክፍል ባለ ክንድ ወንበር አውጥቶ በፒክአፕ አስጫነላቸው። መንደሩም አላነሰም። ሼህ ባበክር ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ ቀድሞ ተሰምቶ ስለነበር፣ ወንበሩ የሚቆምበትን ቦታ አፈር ደልድለው ከፍ አድርገው፣ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድረው ጠበቁን። ሼህ ባበክር ያንን ሲያዩ ቆሙ።

«ማን ነው ይህን የሠራው?»

«ሁላችንም ነን» አለ ይማም። «የእኛም የእነሱም ሰው ነው የደለደለው።»

የተስማሙት በዚያ ብቻ ነበር። እምቢ ቢሉ የሁሉንም ክብር መግፋት ነው። ወጥተው ተቀመጡ።

ከታች ሰሌን ተዘርግቶ ነበር፤ የተቀመጠበት ግን ጥቂት ሰው ነው። በፊት «የኔ ጌታ፣ አንተ» ይላቸው የነበረው ይማም «አንቱ» አለና ሊናገር ተነስቶ ቆመ። አልዓጂብም ተራው ሲደርስ ቆመ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ችሎት እንደቀረበ ሰው። ሁለቱም ወደ ላይ ነው የሚናገሩት። ምስክር ቆጠሩ፣ የአንዳቸውን ነውር አንዳቸው አወጡ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተያዩም። ይማም ስለ ልጁ ምንም አላነሳም። ሲጨርሱ «እንግዲህ ይፍረዱ» አሉ ሁለቱም።

«እኔ ዳኛ አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ ከላይ ወጣህ?» አለ ከኋላ አንድ ሰው። የሳቀ የለም።

በዚያው ተበተንን። ከቀናት በኋላ ይማም መጥረቢያ አንስቶ የትልቁን ማንጎ ልጥ ዙሪያውን ላጠው። «ዛፍ ከሌለ ጠብም የለም» አለ አሉ። እንዲህ የተላጠ ዛፍ ቆሞ ይደርቃል። የአልዓጂብ ዘመዶች ከየመንደሩ መጡ፤ ሁለተኛ ዛፍ ከተነካ እንደ ሰው ግድያ እንደሚቆጥሩት ላኩበት። ወሬው ቢሮ ሲደርስ ሼህ ባበክር ጋቢያቸውን ለብሰው ደጅ ወጡ።

መኪና ውስጥ «መሬት ላይ ሊቀመጡ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሐዋ አስምሎኛል» አሉኝ። ፈገግ አላሉም።

የቢሮውን ወንበር አልያዝንም። መንደሩ ስንደርስ ከትምህርት ቤቱ አንድ ተራ የእንጨት ወንበር ተዋሱ። ተደልድሎ የነበረውን ከፍታ አልፈው ሄዱና «ጋዜጣ፣ ሰሌኑን አንተ ዘርጋ» አሉኝ። ዘረጋሁ። እሳቸው ወንበሩን ይዘው ጥቂት ራቅ አሉ፤ ጀርባቸውን ለሰሌኑ፣ ፊታቸውን ለተላጠው ዛፍ ሰጥተው ተቀመጡ።

ሰዎቹ መጡ። በአንድ በኩል የይማም ጎረቤቶች፣ በሌላው የአልዓጂብ ዘመዶች። ባዶውን ሰሌንና የሽማግሌውን ጀርባ አይተው ቆሙ።

«ሼህ፣ ወደ እኛ ይዙሩ እንጂ» አለ ይማም።

«እኔ የለሁም» አሉ ሳይዞሩ። «ሰሌኑ እዚያ ነው።»

የተቀመጠ የለም። ፀሐዩ ያቃጥላል። አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሌላው በትሩን ከትከሻ ትከሻ ያዛውራል። እኔ መሃላቸው ቆሜ የማያቸው እጃቸውን ነበር፤ በዚህ ሥራ ሰው ሲከር መጀመሪያ የሚታየው እጁ ላይ ነው። በዕድሜ ከፍ የሚለው አልዓጂብ ነበር። ጉልበቱ ሳያስቸግረው አልቀረም፣ ወይም ሌላ ነገር አስቦ ይሆናል፤ ሄደና ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ይማም ቆሞ ቁልቁል አየው። ከዚያ እሱም ተቀመጠ። ሌላውም ሰው ተከተለ።

ይማም መጀመሪያ ለጀርባቸው ነው የተናገረው። «ሼህ፣ እኔ ባዶ እጄን ነው እዚህ የጣሉኝ…» ጋቢያቸው እንኳ አልተነቃነቀም። ለጀርባ መናገር ያደክማል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረና ተወው። ከዚያ ፊቱን አዞረ።

«አልዓጂብ» አለው።

ስሙን ሲጠራ የሰማሁት ያኔ ነው። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበርና ጠጋ አልኩ። በመጡበት ዓመት ትንሿ ልጁ እንደታመመች፣ እህል እምቢ ስትል ከዚያ ከትልቁ ዛፍ ማንጎ እየጨመቀ ያጠጣት እንደነበር፣ ከዛፉ ሥር ሆና እንደሞተችበት ነገረው። «ለመቅበር ጉልበት አልነበረንም። አንድ ሽማግሌ መቆፈሪያ ይዞ መጣ። ቋንቋውን አላውቅም። ቆፍሮልኝ ሄደ።»

አልዓጂብ አንገቱን ደፋ። «አባቴ ነው» አለ። «እኔ ውሃውን ተሸክሜ አብሬው ነበርኩ። አንተ አላየኸኝም።»

ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ አልሰማሁም፤ አብዛኛው የሚሰማ አልነበረም። ረጅም ሰዓት ተቀመጡ። ስምምነታቸው ይህ ነው፦ ዛፎቹ በአልዓጂብ አባት ስም ይጠራሉ፣ ይማም ይጠብቃቸዋል፣ ፍሬውን ሁለቱም ቤት አብሮ ያወርዳል። ዘመዶቹ በዚያው ቀን ወደየመንደራቸው ይመለሳሉ። ከዚያ ሁለቱ ተነስተው ወደ ተላጠው ዛፍ ሄዱ። እበትና ጭቃ አቡክተው ልጡ በተነሳበት ላይ ለጠፉ፣ በጆንያ አሰሩት። ዛፉ አልተረፈም፤ በሚቀጥለው በጋ ደረቀ። የዚያን ቀን ግን ሁሉም እጁን አስገብቶ ነበር። ጭቃውን ሲጨርሱ እያወሩ በአጥሩ በኩል ወጡ፤ ሰዉም ተከትሏቸው ሄደ። በሼህ ባበክር አጠገብ ነው ያለፉት። ቀና ብሎ ያያቸው አልነበረም።

በዚያ አገር ሽማግሌን ሳይሰናበቱ መሄድ ከስድብ አይተናነስም። ሄጄ ከፊታቸው ቆምኩ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ከፀሐዩ ይሁን ከሌላ አላውቅም።

«ሄዱ?» አሉኝ።

«ሄደዋል።»

«ሳይሰናበቱኝ?»

«ሳይሰናበቱ።»

ጭንቅላታቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። «እንግዲያው ታርቀዋል» አሉ።

ተነሱና ወንበሩን በመደገፊያው ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ ሊመልሱት አቀኑ። ልሸከምላቸው እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጡኝም።